ኢግናዝ ዜመልቫይስና የአራሶች ትኩሳት

በ1840ዎቹ ዓመታት የቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ክፍሎቹ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሲሆኑ፣ የሚያስተናግዷቸው እናቶች የኑሮ ደረጃም ሆነ የሚሰጣቸው ምግብና መኝታ ተመሳሳይ ነበር። ዋናው ልዩነታቸው በአንደኛው ክፍል የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጅ ሴቶች ሥራቸውን መማራቸው ነው። አንዲት ወላድ ከሁለቱ በየትኛው እንደምትገባ የሚወስነው የመጣችበት ቀን ነበር፤ አንዱ ክፍል ዛሬ ከተቀበለ ሌላው በማግስቱ ይቀበላል። እንዲህ ከሆነ ምጥ ማክሰኞ ቢይዝ ወይም ረቡዕ ቢይዝ ምንም ለውጥ ሊኖረው ባልተገባ ነበር። የሆስፒታሉ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከ1841 እስከ 1846 ድረስ በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 20,042 እናቶች መካከል 1,989 ሞተዋል፤ በሁለተኛው ክፍል ከወለዱት 17,791 መካከል ደግሞ የሞቱት 691 ናቸው። በ1846 ዓመት ብቻ አንደኛው ክፍል 459 እናቶችን ሲቀብር ሁለተኛው የቀበረው 105 ነበር።

ገዳዩ በሽታ የአራሶች ትኩሳት ይባላል። እናቲቱ በሰላም ከተገላገለች በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ ይላታል፣ ሰውነቷ ይግላል፣ ሆዷ ይነፋል፤ ከዚያም ሕመሙ ይጸናባትና ከጥቂት ቀናት በኋላ ትሞታለች። ብዙ ጊዜም አራሱ ልጅ ይከተላታል። የዘመኑ ሊቃውንት ለበሽታው የሰጡት ምክንያት ተቈጥሮ የሚያልቅ አልነበረም። በከተማው ላይ የረበበ መጥፎ አየር ነው የሚሉ ነበሩ፤ የጡት ወተት መንገዱን ስቶ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ፍርሃትና ኀፍረት ነው የሚሉም አልጠፉም። እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ አንዳቸውም ቢሆኑ ሐኪሙን ተጠያቂ አያደርጉም።

የቪየና ሴቶች ግን ሊቃውንቱ ያላዩትን አይተው ነበር። ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡት አብዛኞቹ ድኾችና ያላገቡ ሴቶች ሲሆኑ፣ ለማስተማሪያ እንዲሆኑ በመፍቀዳቸው ያለ ክፍያ ይታከማሉ፣ ሕፃኑንም ለማሳደጊያ ተቋም መስጠት ይችላሉ። ከእነርሱ መካከል የመግቢያው ቀን የአንደኛው ክፍል መሆኑን ሲሰሙ ተንበርክከው እያለቀሱ ወደ ሁለተኛው እንዲያዛውሯቸው የሚለምኑ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ መንገድ ላይ ወይም በፈረስ ጋሪ ውስጥ ከወለዱ በኋላ ሕፃኑን ታቅፈው ይመጣሉ። በጎዳና የወለዱት እናቶች በአንደኛው ክፍል ከወለዱት ይልቅ በትኩሳቱ የሚያዙት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከሐኪም እጅ የጎዳና ድንጋይ ይሻላል ማለት ነበር፤ ይህንንም አምኖ መቀበል ለሕክምና ትምህርት ቤት ቀላል አልነበረም።

ይህን እንቈቅልሽ የፈታው ሰው ኢግናዝ ዜመልቫይስ፣ ዛሬ የቡዳፔስት ከተማ አካል በሆነችው በቡዳ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1818 ተወለደ። አባቱ በንግድ ሥራ የደረጀ ሰው ነበር። በ1837 ሕግ ሊማር ወደ ቪየና ከሄደ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ሕክምና ተዛወረና በ1844 በዶክተርነት ተመረቀ። በዚያን ጊዜ የቪየና የሕክምና ትምህርት ቤት ዝናው በዓለም የታወቀ ነበር። ካርል ፎን ሮኪታንስኪ ሬሳን እየመረመረ የበሽታን ሥር በአካል ውስጥ በመፈለግ አዲስ መንገድ ከፍቷል፤ ዮሴፍ ሽኮዳ የደረት ሕመምን በማዳመጥና በመምታት መለየትን ያስተምራል፤ ፈርዲናንድ ሄብራ የቆዳ በሽታዎችን ትምህርት መሠረት ይጥላል። ዜመልቫይስ ከእነዚህ ሰዎች ተምሮ ወዳጃቸውም ለመሆን በቅቷል። ነገር ግን ሥራ ያገኘው በእነርሱ ክፍል ሳይሆን በዮሐን ክላይን በሚመራው በአንደኛው የማዋለጃ ክፍል ነው። በሐምሌ 1846 ረዳት ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

የረዳቱ ሥራ ከባድ ነበር። ዜመልቫይስ በየማለዳው አስቀድሞ ወደ ሬሳ ቤት ይገባና በትኩሳቱ የሞቱትን ሴቶች ይመረምራል፤ ከዚያም ወደ ክፍሉ ተመልሶ ወላዶችን ያያል፣ ለተማሪዎች ያሳያል። ተማሪዎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። በሁለቱ ሥራዎች መካከል እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ይሁንና የሬሳው ሽታ አይለቅም። ይህ በዘመኑ እንደ ነውር አይቈጠርም ነበር፤ እንዲያውም የትጋት ምልክት ነበር።

ዜመልቫይስ የሁለቱን ክፍሎች ልዩነት ለማግኘት የተነገሩትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እያነሣ ፈተነ። መጥፎ አየር ከሆነ አንድ ግቢ ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለይቶ ሊመታ አይችልም። መጣበብ ከሆነ ሴቶቹ ሸሽተው ስለሚሄዱበት ይበልጥ የተጨናነቀው ሁለተኛው ክፍል ነው። በአንደኛው ክፍል ቄሱ ለሚሞቱት ጸሎት ሲያደርሱ ፊት ፊታቸው ደወል እየተደወለ በመኝታዎቹ መካከል ያልፉ ስለ ነበር፣ የደወሉ ድምፅ ሴቶቹን አስፈርቶ ይገድላቸው እንደ ሆነ ለማወቅ ቄሱ በሌላ በኩል ያለ ደወል እንዲገቡ አደረገ፤ ሞቱ አልቀነሰም። በሁለተኛው ክፍል ሴቶች በጎናቸው ተኝተው ይወልዳሉ መባሉን ሰምቶ ያንንም ሞከረው፤ ሞቱ እንደ ነበረ ቀጠለ። አንድ መርማሪ ኮሚሽን ደግሞ ጥፋቱን በተማሪዎች፣ በተለይም ከውጭ አገር በመጡት፣ ሻካራ ምርመራ ላይ ስለ ጣለ የተማሪዎቹ ቁጥር ከ40 በላይ የነበረው ወደ 20 ተቀነሰ። ሞቱ ለጊዜው ወረደ፤ ቈይቶ ግን ተመልሶ ወጣ።

በዚህ መካከል ረዳትነቱን የያዘው የቀድሞው ሐኪም ፍራንትስ ብራይት ተመልሶ በመምጣቱ ዜመልቫይስ ከጥቅምት 1846 ጀምሮ ሥራውን ለቀቀ። ብራይት ወደ ቲዩቢንገን ከተማ ሲዛወር በመጋቢት 1847 ዳግመኛ ተሾመ። በነዚህ ወራት ውስጥ ያለውን ቁጥር መመልከት ያስፈልጋል። በየካቲት 1847 ከ312 ወላዶች የሞቱት 6 ብቻ ነበሩ። ዜመልቫይስ በተመለሰ ማግስት፣ በሚያዝያ፣ ከ312 ወላዶች 57ቱ ሞቱ። ይህ ሰው ከብራይት ይልቅ የሬሳ ምርመራን አዘውትሮ የሚያደርግ፣ ከብራይትም ይልቅ ትጉ ሐኪም ነበር። ኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ በዕድሜያቸው ሳይጠግቡ በእርሱ ምክንያት ወደ መቃብር የወረዱትን ሴቶች ቁጥር የሚያውቅ አምላክ ብቻ እንደ ሆነ አምኗል። በሕክምና ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ኑዛዜ በራሱ ላይ የጻፈ ሐኪም ብዙ አይገኝም።

ፍንጩ የተገኘው ከአንድ ወዳጁ ሞት ነው። ዜመልቫይስ በመጋቢት ወር ለዕረፍት ወደ ቬኒስ ሄዶ ሲመለስ የሕግ ሕክምና መምህሩ ያኮብ ኮሌችካ መሞቱን ሰማ። ኮሌችካ ሬሳ ሲመረምር አንድ ተማሪ በቢላዋ ጣቱን ወግቶት ነበር። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን ክንዱ አበጠ፣ የሳንባውና የሆድ ዕቃው ሽፋን፣ በመጨረሻም የአንጎሉ ሽፋን ተቈጣ፤ መጋቢት 13 ቀን 1847 ሞተ። ዜመልቫይስ የሬሳ ምርመራውን ዘገባ ባነበበ ጊዜ በመቶ በሚቈጠሩ አራሶች ሬሳ ላይ ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ አገኘው። ወንድ የሆነው ሐኪምና አራሷ ሴት በአንድ በሽታ ሞተዋል። ኮሌችካን የገደለው በቢላዋ ጫፍ ወደ ደሙ የገባው የሬሳ ቅንጣት ከሆነ፣ ወላዶቹን የሚገድለውም ያው ቅንጣት መሆን አለበት፤ ያቀበላቸው ደግሞ ቢላዋ ሳይሆን የመርማሪው ጣት ነው። አዋላጅ ሴቶች ሬሳ አይነኩም፤ የሁለተኛው ክፍል ሞት ዝቅተኛ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በጎዳና የወለደችውን ማንም ውስጧን አልመረመራትም። ምጧ የረዘመባት ሴት ደጋግማ ስለምትመረመር ትሞታለች። በአንደኛው ክፍል ሕመሙ ተራ በተራ በተሰለፉ አልጋዎች ላይ የሚወርደው ምርመራው በዚያው ተራ ስለሚሄድ ነው። ተበታትነው የነበሩት ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ መልስ ተሰበሰቡ።

በግንቦት 1847 አጋማሽ ዜመልቫይስ በክፍሉ መግቢያ ላይ የክሎሪን ውኃ የሞላ ሳሕን አስቀመጠ፤ ወደ ወላዶቹ የሚገባ ሰው ሁሉ እጁንና ጥፍሮቹን በብሩሽ እያሸ እንዲታጠብበት አዘዘ። ቈየት ብሎ ዋጋው ስለ ከበደ በርካሹ በክሎሪን ኖራ ተካው። ክሎሪንን የመረጠው ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያውቀው ነገር ስለ ነበረ አይደለም፤ የሬሳ ሽታን የሚያጠፋ ነገር ቅንጣቱንም ያጠፋዋል ብሎ በማሰቡ ነው። ሽታ ምልክት እንጂ ምክንያት እንዳልሆነ ዛሬ የሚያውቅ ሁሉ በዚህ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ግን በዘመኑ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ሁሉ ወደ እውነቱ የቀረበው ይህ ነበር። ሞቱ በግንቦት ከ294 ወላዶች 36 የነበረ ሲሆን በሰኔ ከ268 ወላዶች 6፣ በሐምሌ ከ250 ወላዶች 3 ሆነ። በ1848 ዓመት በሞላው በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 3,556 እናቶች የሞቱት 45 ብቻ ናቸው፤ ሁለተኛው ክፍል ከ3,319 ወላዶች 43 ሞተውበታል። ሁለቱ ክፍሎች እኩል ሆኑ። በመጋቢትና በነሐሴ 1848 በአንደኛው ክፍል አንዲት እናት እንኳ አልሞተችም።

የክሎሪኑ ሳሕን ከተቀመጠ በኋላም ሌላ ትምህርት መጣ። በጥቅምት 1847 የማሕፀን ነቀርሳ ያለባትና ፈሳሽ የሚወርዳት አንዲት ሴት ምርመራው በሚጀመርበት በመጀመሪያው አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹ በመግቢያው ላይ በክሎሪን ቢታጠቡም ከእርሷ ወደ ቀጣዮቹ ሲያልፉ በሳሙና ብቻ ይታጠቡ ነበር። አብረዋት ከወለዱት 12 እናቶች 11ዱ ሞቱ። ስለዚህ ገዳዩ ነገር ከሬሳ ብቻ ሳይሆን ከሕያው ሰው ቁስልም ይወጣል ማለት ነው። ዜመልቫይስ ከዚህ በኋላ በአንዲት ወላድና በሌላዋ መካከል ሁሉ በክሎሪን እንዲታጠቡ፣ መግል ያለባቸው ሕሙማንም ተለይተው እንዲተኙ አዘዘ። በሽታ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ በሐኪሙ እጅ ይተላለፋል የሚለው አሳብ፣ ዛሬ በማንኛውም ሆስፒታል መመሪያ ላይ ያለው፣ በዚህ ክፍል ውስጥ በዚህ ዋጋ ተገኘ።

ይህን የመሰለ ውጤት በማግስቱ ዓለምን ያዳርሳል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አልሆነም። የጉዳዩን ክብደት ወዲያው የተረዱት ጓደኞቹ ነበሩ። ሄብራ በታኅሣሥ 1847ና በሚያዝያ 1848 ስለ ግኝቱ በቪየና የሐኪሞች መጽሔት ላይ ጻፈ፤ ሽኮዳ በ1849 ለሳይንስ አካዳሚው ንግግር አደረገ። በኪየል ከተማ የነበረው የማዋለድ መምህር ጉስታቭ ሚሐኤሊስ ዘዴውን ተቀብሎ ውጤቱን አየ፤ ቀደም ሲል ግን የመረመራት የዘመዱ ልጅ በትኩሳቱ ሞታበት ስለ ነበር፣ ራሱ ገዳይዋ መሆኑን በመረዳቱ ኀዘኑን መቋቋም አቅቶት በ1848 ነፍሱን በራሱ አጠፋ። ተቃዋሚዎቹ ምናልባት ያልተረዱት ነገር ይህ ነው፤ ዜመልቫይስን ማመን የራስን መዝገብ ዳግመኛ መግለጥ ነው።

ዋናው ሰው፣ ዜመልቫይስ ራሱ፣ አልጻፈም። መጻፍ እንደማይወድ የታወቀ ነበር። ለቪየና የሐኪሞች ማኅበር የተናገረው በግንቦት 1850 ሲሆን ያንንም ለኅትመት አላዘጋጀም። ስለ ግኝቱ የወጡት ጽሑፎች የሌሎች ሰዎች በመሆናቸው ብዙዎች የተረዱት ገደዳውን ነው። ትኩሳቱ ከሬሳ ብቻ ይመጣል ብሏል ተብሎ ተጻፈበት፤ በኤዲንብራ የነበረው ጄምስ ሲምፕሰን እንግሊዞች ከቀድሞ ጀምሮ ከሚያውቁት ከተላላፊነት ትምህርት የተለየ ነገር አላየበትም። እርግጥ ነው፣ የአበርዲኑ አሌክሳንደር ጎርደን በ1795፣ የቦስተኑ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በ1843 ሐኪምና አዋላጅ ትኩሳቱን ከቤት ወደ ቤት እንደሚያዛምቱ ጽፈው ነበር። የዜመልቫይስ ልዩነት መከላከያውን በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ተግብሮ በቁጥር ማስመስከሩ ነው። ይህን ሊያስረዳላቸው የሚችል ሰው ግን ዝም ብሎ ነበር፤ ለዚህ ዝምታ ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ ተጠያቂው እርሱ ነው።

የፖለቲካውም ጊዜ አልረዳውም። በ1848 በቪየናም በሃንጋሪም አብዮት ተነሣ፤ አብዮቱ ከተሸነፈ በኋላ ሃንጋሪያዊ መሆን በራሱ ጥርጣሬ ነበር። ክላይን በመጋቢት 1849 የዜመልቫይስን ውል ሳያድስ ቀረና ካርል ብራውንን ሾመ። ዜመልቫይስ የመምህርነት ፈቃድ ቢጠይቅ በ1850 ተሰጠው፤ ነገር ግን ማስተማር የሚችለው በአሻንጉሊት ላይ ብቻ እንዲሆን ተወሰነበት። በአምስት ቀን ውስጥ ዕቃውን ሸክፎ፣ የተሟገቱለትን ወዳጆቹን እንኳ ሳይሰናበት፣ ወደ ፔስት ሄደ። ሽኮዳ ይህን ከልቡ አላወጣውም ይባላል፤ ቢቀየም አይፈረድበትም።

በፔስት በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል ያለ ደመወዝ የማዋለጃውን ክፍል ከ1851 እስከ 1857 መራ። ከእርሱ በፊት ክፍሉ በቀዶ ሐኪሙ ሥር የነበረ ሲሆን፣ ያው ሐኪም ሬሳም ይመረምር ነበር። በስድስቱ ዓመታት ከወለዱት 933 እናቶች በትኩሳቱ የሞቱት 8 ነበሩ። በ1855 የፔስት ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያም የእጅ መታጠብ ብቻ የማይበቃበትን ሁኔታ አገኘ። የልብስ አጠባው ሥራ በርካሽ ዋጋ ተሰጥቶ ስለ ነበር ደምና ፈሳሽ ያልለቀቀው አንሶላ ለአዲስ ወላድ ይነጠፍ ነበር፤ ሞትም ጨመረ። ዜመልቫይስ የቈሸሸውን አንሶላ ይዞ ወደ ባለሥልጣኖቹ ቢሮ ገባ፤ ሽታውን ራሳቸው እንዲያረጋግጡ አደረጋቸው። ልብስ አጠባው ተስተካከለ። በ1857 ማሪያ ቫይደንሆፈርን አገባ፤ አምስት ልጆችም ወለዱ።

የዘገየው መጽሐፍ በመጨረሻ በ1861 በጀርመንኛ ወጣ። ስለ አራሶች ትኩሳት መንሥኤ፣ ምንነትና መከላከያ የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ ሲሆን ሠንጠረዦቹ የማይነቃነቁ ናቸው፤ አጻጻፉ ግን የተደጋገመ፣ የቈሰለ ሰው የሚሟገትበት ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ቀዝቀዝ ባለ ሁኔታ ተቀበሉት፤ በበርሊን ታላቅ ስም የነበረው ሩዶልፍ ፊርሖ አሳቡን አልደገፈም። በዚህ ጊዜ ዜመልቫይስ ለታወቁት የማዋለድ ፕሮፌሰሮች ግልጽ ደብዳቤዎችን አሳትሞ በተነ። በቪየና የነበረውን ሽፔትን፣ የቩርትስቡርጉን ስካንሶኒን፣ የጌቲንገኑን ዚቦልድን በስማቸው እየጠራ፣ ትምህርቱን ካልተቀበሉ በወላዶች ላይ የሚፈጸም ግድያ ተካፋይ መሆናቸውን ነገራቸው። በቁጥሩ ትክክል ነበር። ደብዳቤዎቹ ግን የተጠራጠረውን አላሳመኑም፣ ያመነውንም አሸማቀቁ።

ከዚያ በኋላ የጠባዩ መለወጥ በቤተ ሰቡም በባልደረቦቹም ታየ። የሕመሙ ምንነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። በሐምሌ 1865 መጨረሻ ሚስቱ ሕፃን ልጃቸውን ታቅፋ ከዘመድ ጋር ወደ ቪየና ወሰደችው። የቀድሞ ወዳጁ ሄብራ ባቡር ጣቢያ ተቀብሎ አዲስ የሕክምና ቤት ላሳይህ በሚል ምክንያት ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቈያ አስገባው። ነገሩ ሲገባው ለመውጣት ታገለ፤ ጠባቂዎቹ ክፉኛ ደበደቡት፣ እጅ የሚያስር ልብስ አልብሰውም ጨለማ ክፍል ውስጥ ዘጉበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1865፣ በ47 ዓመቱ ሞተ። ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው በመጨረሻው ቀዶ ሕክምና ጣቱን ቈርጦ በዚያ ምክንያት መሞቱ ነበር፤ ታሪኩ የሚያምር ስለ ሆነ ማንም ሊመረምረው አልፈለገም። የማቈያው ሰነዶች ከወጡ በኋላ ግን በሰውነቱ ላይ የነበረው የድብደባ ጉዳት ታወቀ። በሁለቱም አነጋገር የሞተው ቁስል አመርቅዞ በደም መመረዝ ነው፤ ኮሌችካን የገደለው፣ አራሶቹንም የገደለው ዐይነት። ሬሳው የተመረመረው በጠቅላላው ሆስፒታል ነው።

ከዕረፍቱ አንድ ቀን በፊት፣ ነሐሴ 12 ቀን፣ በግላስጎው ከተማ ዮሴፍ ሊስተር የአንድን ልጅ ክፍት የእግር ስብራት በካርቦሊክ አሲድ አክሞ ነበር፤ ሉዊ ፓስተር ስለ መበስበስ የጻፈውን አንብቦ ያደረገው ነው። በ1879 ራሱ ፓስተር በፓሪስ የሕክምና አካዳሚ ስብሰባ ላይ፣ የአራሶች ትኩሳት ምክንያት አየር ነው ሲባል ተቃውሞ ተነሥቶ፣ በሰሌዳው ላይ እንደ መቁጠሪያ የተያያዙ ክብ ተሕዋስያንን ሥሎ አሳየ። ዛሬ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። እንግዴ ልጅ ከተላቀቀ በኋላ ማሕፀን ሰፊ የተጋለጠ ቁስል እንደ መሆኑ፣ ይህን ተሕዋስ በጣት ይዞ የገባ ሰው በቀጥታ ወደ ደም ሥር ያደርሰዋል፤ ክሎሪን ደግሞ የተሕዋሱን ፕሮቲን ስለሚያበላሽ ይገድለዋል። ዜመልቫይስ የሬሳ ቅንጣት ያለው ነገር ይኸው ነበር።

በሃንጋሪ የሐኪሞችና የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር ደንብ መሠረት በዓመቱ ውስጥ ለሞተ አባል የመታሰቢያ ንግግር መደረግ ነበረበት። ለዜመልቫይስ አልተደረገም፤ መሞቱም በስብሰባው አልተነሣም። አስከሬኑ በ1891 ከቪየና ወደ ቡዳፔስት ተዛወረ፤ በ1964 ደግሞ በተወለደበት ቤት ግቢ ውስጥ ዐረፈ። ቤቱ ዛሬ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ሲሆን፣ የተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ከ1969 ጀምሮ በስሙ ይጠራል።